ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ሊባኖስ ገደል፤ የአንዲት ቀን መንገድ ታሪክ

ከአዲስ አበባ ማለዳ ተነሥቶ፥ ሀገር አይቶ፥ ማታ ወደ ቤት መመለስ ዛሬ ለከተማ ሰው እንደ ቀላል ነገር ይቈጠራል። ባለመኪናው ቤተ ሰቡን ይዞ፥ መኪና የሌለውም ከወዳጆቹ ጋራ ገንዘብ አዋጥቶ ተከራይቶ፥ እንጦጦን ተሻግሮ በጎጃም ጐዳና ወደ ሰሜን ይወጣል። በሱሉልታ ሜዳ፥ በጫንጮ፥ በሙከጡሪና በደብረ ጽጌ አልፎ አንድ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ ከደብረ ሊባኖስ ገደል አፋፍ ይደርሳል። ከዚያ ቆሞ ሸለቆውን ይመለከታል፤ በድንጋዩ ድልድይ ላይ ይራመዳል፤ ወደ ገዳሙም ወርዶ ይሳለማል፤ ፀሓይ ሳትጠልቅ ይመለሳል። ነገር ግን ይህ የአንድ ቀን መንገድ የአንድ ቀን ሥራ አይደለም። ስንት ዘመን እንደ ፈጀ፥ ስንት ድካምና ስንት ደም እንደ ፈሰሰበት የሚያውቅ ተጓዥ ጥቂት ነው።

አስቀድሞ የሀገሩን አቀማመጥ መናገር ይገባል። ከእንጦጦ ወዲያ ያለው የሰላሌ ምድር ለጥ ያለ ደጋ ነው፤ ገብስና ጤፍ የሚበቅልበት፥ ከብት የሚሰማራበት፥ ነፋስ የማይለየው ሜዳ ነው። ተጓዡ ሜዳው እስከ ሰማይ ዳር የሚዘልቅ መስሎት ሲሄድ ሳለ ምድሩ በድንገት ከእግሩ ሥር ይቈረጣል። በአፋፉ ላይ የሚያርሰው ገበሬ በርኖሱን ደርቦ ከብርድ ሲከላከል፥ ከሸለቆው ሥር ያለው ቆለኛ ከሙቀት የተነሣ ጥላ ይፈልጋል። ደጋውና ቆላው በቁመት ይራራቁ እንጂ በአንድ እይታ ይታያሉ።

ይህን ገደል የቈፈረው ውሃ ነው። ከላይ ያለው ጥቁር ድንጋይ ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት ከምድር ውስጥ ቀልጦ ወጥቶ የረጋ ነው፤ ከሥሩ ያለው ደግሞ ከእርሱ እጅግ የሚቀድም የአሸዋ ድንጋይ ነው፤ የሥነ ምድር ሊቃውንትም በገዳሙ ስም የደብረ ሊባኖስ የአሸዋ ድንጋይ ብለው ይጠሩታል። በክረምት ከሜዳው የሚጠራቀመው ጎርፍ ከአፋፉ ተወርውሮ ይወርድና ወደ ጃማ፥ ከጃማም ወደ ዓባይ ይገባል። ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል ይባላል፤ በዚህ ስፍራ ግን ምንጩን የሚያመሰግን ዓባይን ማመስገኑ ነው፤ ዓባይን ዓባይ ያደረጉት እንደዚህ ያሉት ጅረቶች ናቸውና።

በገደሉም ላይ ጭላዳ ዝንጀሮ በመንጋ ይኖራል። ይህ እንስሳ በዱር የሚገኘው በኢትዮጵያ ብቻ ነው፤ ደረቱ ላይ ቀይ ምልክት አለው፤ ዋናው ምግቡም ሣር ነው። ቀን በአፋፉ ላይ ሲግጥ ይውላል፤ ሲመሽ አውሬ እንዳይደርስበት ወደ ገደሉ ወርዶ ያድራል። ገደሉ ለእንስሳው መጠጊያ እንደ ሆነ ሁሉ፥ ከዓለም ርቀው በጸሎት መኖር ለሚሹ ሰዎችም ቅጥር ሆኖ ተገኘ።

በ13ኛው ምእት ዓመት አቡነ ተክለ ሃይማኖት በዚህ ስፍራ ገዳም መሠረቱ፤ ስሙም ደብረ አስቦ ይባል ነበር። ቆመው የጸለዩበት ነው የሚባለው ዋሻ ዛሬም ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ባለው ገደል ውስጥ አለ፤ ከእርሱም የሚወርደውን ጠበል ምእመናን ይጠመቁበታል። ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ስሙን ለውጠው ደብረ ሊባኖስ አሉት። የገዳሙ አለቃ እጨጌ ተብሎ የኢትዮጵያ መነኮሳት ሁሉ አለቃ ሆነ፤ ጳጳሱ ከግብፅ በሚመጣበት ዘመን ከሀገሩ ተወላጆች በቤተ ክህነት ከእጨጌው የሚበልጥ ሹም አልነበረም። ስለዚህ ከአፋፉ ላይ ሲታይ የተሸሸገ የሚመስለው ይህ ሸለቆ ለረጅም ዘመን የመንግሥትም የሃይማኖትም ዓይን ያረፈበት ስፍራ ነበረ።

በጥቅምት 1513 ዓ.ም. የፖርቱጋል ንጉሥ መልእክተኞች ዐፄ ልብነ ድንግል ከሰፈሩበት ስፍራ ሲደርሱ፥ ሰፈሩ ከደብረ ሊባኖስ ብዙ የራቀ አልነበረም። ከመልእክተኞቹ ጋራ የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስድስት ዓመት ያህል በኢትዮጵያ ተቀምጦ ያየውን ሁሉ ጽፎአል። በመጽሐፉም ወደዚህ አውራጃ ሲመጡ የተሻገሩትን ጥልቅ ሸለቆና አስፈሪ መውረጃ ይገልጣል፤ ከመተላለፊያዎቹም አንዱ አህያ ፈጅ ይባል እንደ ነበር ይናገራል። ስሙ ብቻውን የመንገዱን ጠባይ ለማስረዳት ይበቃል። በዚያ ዘመን ይህን ገደል ለደስታ ብሎ የሚያይ አልነበረም፤ የሚሻገረው እየፈራ፥ የሚወርደውም ለነፍሱ ብሎ ነበር።

መልእክተኞቹ ከመጡ 10 ዓመት ያህል ቈይቶ የገደሉ ቅጥርነት ተፈተነ፤ አልበቃምም። የኢማም አሕመድ ሠራዊት ወደ ሸዋ በዘለቀ ጊዜ የገዳሙ ሰዎች ቤዛ ሰጥተው ቤተ ክርስቲያናቸውን ሊያድኑ ለመኑ፤ ሆኖም በሐምሌ 1523 ዓ.ም. ተቃጠለ። የራሱ የኢማሙ ዘመቻ ታሪክ ጸሓፊ መነኮሳቱ ወደ እሳቱ ራሳቸውን እንደ ጣሉ ይናገራል። ከዚያም በኋላ ሀገሩ በጦርነትና በሕዝብ መፍለስ ስለ ታወከ፥ እጨጌው መቀመጫውን በጎንደር አጠገብ ባለችው በአዘዞ አደረገ። ገደሉ ግን በስፍራው ቀረ፤ የአባቶች መቃብር በውስጡ ነበርና የሚሳለመው ሰው ፈጽሞ አልጠፋም።

በ19ኛው ምእት ዓመት መጨረሻ የሰላሌ ገዢ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ልጅ፥ የዐፄ ምኒልክም አጐት፥ ራስ ዳርጌ ነበሩ። መቀመጫቸው ፍቼ ከገዳሙ ብዙ አትርቅም። ዛሬ ጐብኚ ሁሉ የሚራመድበትን፥ በወንዙ ላይ የተዘረጋውን የድንጋይ ድልድይ ያሠሩት እርሳቸው እንደ ሆኑ ይታመናል። ነገር ግን የዘመናችን ጐብኚ የፖርቱጋል ድልድይ ብሎ ይጠራዋል፤ 16ኛው ምእት ዓመት ላይ ከመጡት ፖርቱጋሎች ጋራም ያያይዘዋል። ስሕተቱ የተነሣው ከአሠራሩ ይመስላል፤ ቅስቱና የድንጋዩ አደራረብ የጎንደርን ዘመን ድልድዮች ይመስላልና። ራስ ዳርጌ በመጋቢት 1892 ዓ.ም. ዐረፉ፤ ድልድያቸው ግን ዛሬም በሌላ ሰው ስም እየተጠራ ያገለግላል። በክረምት ጎርፉ ሲበረታ ወንዙን ለመሻገር ሕይወቱን ለአደጋ ይሰጥ የነበረ ገበሬና መንገደኛ ይህን ድልድይ ባገኘ ጊዜ ሠሪውን ያውቅ ነበር፤ ለመናፈስ የመጣው ሰው ግን ሠሪውን ሳያውቅ ምስሉን አንሥቶ ይሄዳል።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ ከከተማይቱ ወደ ገዳሙ የሚሄደው ሰው በረከተ። የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ዕረፍት በሚታሰብበት በነሐሴ 24 ቀን፥ ፍልሰተ ዐፅማቸውም በሚከበርበት በግንቦት 12 ቀን እንጦጦን ተሻግሮ የሚጓዘው ሕዝብ ብዙ ነበር። መንገዱ ለበቅሎና ለእግረኛ ሁለትና ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር። የነሐሴው ተሳላሚ በሱሉልታ ረግረግ እስከ ጕልበቱ ጭቃ እየረገጠ፥ በደራሽ ውሃ ዳር ጎርፉ እስኪጐድል እየጠበቀ፥ በሶና ቆሎውን እየቈጠረ ይሄድ ነበር። ሕያዋን ብቻም አይደሉም፤ በዚያ እንዲቀበር የተናዘዘ ሰው ሬሳም በሰው ትከሻ ይህንኑ መንገድ ይሄድ ነበር። አውቶሞቢል በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ ቢደርስም፥ ከከተማው ወጥቶ ወደዚህ ገደል ሰውን በብዛት የሚያመላልስበት ዘመን ገና ሩቅ ነበር።

የመኪናው መንገድ ታሪክ ደግሞ ከሐዘን ጋራ የተያያዘ ነው። የኢጣልያ ጦር በሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ በኋላ፥ ወራሪው ሀገሩን በሠራዊት ለመያዝ ሲል በየአቅጣጫው ጐዳና ማሠራት ጀመረ፤ በዓባይ ሸለቆ በኩል ወደ ጎጃም የሚዘልቀውም ከእነዚህ አንዱ ነው። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ጣሉ። ግራዚያኒም የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት በዚህ ነገር እጃቸው አለበት ብሎ እንዲገደሉ ጄኔራል ማሌቲን አዘዘ። ጊዜውም የግንቦት በዓል፥ ገዳሙ በተሳላሚ የሚሞላበት ነበር። በማግስቱ ግንቦት 13 ቀን 1929 ዓ.ም. መነኮሳቱንና ሌሎችንም በተሸፈኑ የጭነት መኪናዎች ላጋ ወልዴ ወደ ተባለ ስፍራ ወስደው በመትረየስ ፈጁአቸው። ከጥቂት ቀናት በኋላም ዲያቆናቱን በደብረ ብርሃን አጠገብ ገደሉ። ግራዚያኒ ለሮማ ያስታወቀው 297 መነኮሳት፥ 23 ተባባሪ የተባሉ ሰዎችና 129 ዲያቆናት፥ በድምሩ 449 ነው። ኋላ ነገሩን ከስፍራው ሄደው የመረመሩት ኢያን ካምቤልና ደግፌ ገብረ ጻድቅ ግን የሟቾቹ ቍጥር ከ1,400 እስከ 2,000 እንደሚደርስ አስረድተዋል። እንግዲህ በዚያ ሀገር በመኪና ተጭኖ የሄደው ሁሉ ለመናፈስ የወጣ አልነበረም፤ ማታ ያልተመለሰም አለ።

ከአራት ዓመት በኋላ በዚያው በጎጃም በኩል ሌላ መንገደኛ መጣ። ቀዳማዊ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ተመልሰው፥ ከደብረ ማርቆስ ተነሥተው ዓባይን ተሻግረው በሰላሌ አልፈው፥ በእንጦጦ ወርደው ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። ወራሪው ለራሱ ሠራዊት ያሰበው ጐዳና ባለሀገሩን ወደ መንበሩ መለሰ። በ1950ዎቹም ዓመታት ዛሬ የሚታየው ትልቁ የደብረ ሊባኖስ ቤተ ክርስቲያን ተሠራ። ከነጻነት በኋላ ጐዳናው እየተሻሻለ ስለ ሄደ የሦስት ቀኑ መንገድ የጥቂት ሰዓት ሆነ። ከዚያ ወዲህ ነው የከተማ ሰው ይህን ገደል ማለዳ ወጥቶ ማታ የሚመለስበት የመናፈሻ ስፍራ ያደረገው።

የመንገዱ ማጠር ያስገኘው ጥቅም አያከራክርም። በቅሎ ላይ መቀመጥ የማይችለው ሽማግሌ፥ እግሩ ያልጠናው ሕፃን፥ ሥራውን ሦስት ቀን ትቶ መሄድ የማይችለው ሠራተኛ፥ ሁሉም ዛሬ ደርሶ ይመለሳል። ነገር ግን ከመንገዱ ጋራ ያጠረ ሌላ ነገር አለ። የጥንቱ ተሳላሚ ሦስት ቀን ሲጓዝ ብቻውን አይሄድም ነበር፤ ከጎኑ ደብተራ፥ ባልቴት፥ የሀገሩ ባላገርም ይሄዱ ነበር። ማታ እሳት ዳር ሲያርፉ ይህ ወንዝ ማንን እንደ ወሰደ፥ ይህን ድልድይ ማን እንደ ሠራ፥ በዚህ ገደል ማን እንደ ተጋደለ ይነጋገሩ ነበር። ስለዚህ ተሳላሚው ከአፋፉ ሲደርስ ዓይኑ ገና ያላየውን ጆሮው አስቀድሞ ዐውቆት ነበር። የዛሬው ተጓዥ ግን ከአፋፉ የሚደርሰው ማንም ምንም ሳይነግረው ነው፤ ስለዚህ ገደሉን ገደል ብቻ፥ ድልድዩንም የፖርቱጋል ድልድይ ብሎ ይመለሳል። ላጋ ወልዴን ጨርሶ አልሰማም።

ይህ ግን መድኀኒት የሌለው ጕድለት አይደለም። ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ሊባኖስ ያለው የመኪና ጕዞ ሰባት መቶ ዓመት ለመተረክ የሚበቃ ጊዜ አለው። አያት ከልጅ ልጁ ጋራ በአንድ መኪና ከተቀመጠ፥ የቀድሞው ሦስት ቀን በሦስት ሰዓት ሊነገር ይችላል። የገዳሙ አባቶችም፥ በገደሉ ዳር የሚያርሱት ሽማግሌዎችም ለጠየቃቸው ይመልሳሉ። ለመናፈስ መውጣት ነውር አይደለም፤ ሸለቆውም ለሚያየው ሁሉ ያው ውብ ነው። ነገር ግን የራስ ዳርጌን ድልድይ በራስ ዳርጌ ስም የሚጠራ፥ ከአፋፉም ቆሞ በግንቦት 13 ቀን በዚህ መንገድ የተጫኑትን የሚያስብ ሰው፥ ከጓደኞቹ ጋራ በአንዲት ቀን ደርሶ ቢመለስም፥ ያየው ሀገር ከእነርሱ ይልቅ ይሰፋል።