ነጻው ትርኢት፦ ሒሳቡን የከፈለው ማን ነው?

በአሜሪካ ከተሞች በሰፈር ቤተ መጻሕፍት በር ላይ እንዲህ የሚል ማስታወቂያ ተለጥፎ ማየት የተለመደ ነው፦ «ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የጃዝ ትርኢት፤ መግቢያ በነጻ»። ሰዓቱ ሲደርስ ወንበሮች ይደረደራሉ፤ ከሙዚቃ ትምህርት ቤት በቅርቡ የወጣ ወጣት ሳክስፎኑን ይዞ ይቆማል፤ አረጋውያንና ልጆቻቸውን ያስከተሉ እናቶች ያደምጡታል፤ አጨብጭበውም ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። ቲኬት የቆረጠ ሰው የለም። ወጣቱ ግን የድካሙን ዋጋ ተቀብሎ ይሄዳል።

ለመሆኑ ሒሳቡን የከፈለው ማን ነው? አንዳንዱን የከተማው አስተዳደር፣ አንዳንዱን የቤተ መጻሕፍቱ ወዳጆች ይሸፍኑታል። ከሰባ ዓመታት በላይ ግን ለብዙዎቹ እንዲህ ላሉ ትርኢቶች ሙሉውን ወይም ከፊሉን የከፈለ አንድ የአደራ ገንዘብ አለ። ይህ ገንዘብ የቸርነት ውጤት አይደለም፤ የተወለደው ከሥራ ማቆም አድማ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1927 ወዲህ ድምፅ ያለው ፊልም ሲስፋፋ በሲኒማ ቤቶች ይጫወቱ የነበሩ በሺሕ የሚቆጠሩ ሙዚቀኞች እንጀራቸውን አጡ። ቀጥሎ ሸክላ በሬዲዮና በየመጠጥ ቤቱ የሰውን ቦታ ወሰደ። ሙዚቀኛው አንድ ቀን ተከፍሎት የቀረጸው ሸክላ በማግስቱ እርሱኑ ከሥራ ያስወጣው ጀመር። የራሱን መቃብር በራሱ እጅ ቆፈረ ማለት ይቻላል።

ይህን የተረዳው የአሜሪካ ሙዚቀኞች ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት የቺካጎው ጀምስ ፔትሪሎ ነበር። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1 ቀን 1942 የማኅበሩ አባላት ሸክላ ማስቀረጽ እንዲያቆሙ አዘዘ። ጥያቄው አጭር ነበር፦ ከሚሸጠው ከእያንዳንዱ ሸክላ ጥቂት ሳንቲም ተቀንሶ ሥራ ላጡ ሙዚቀኞች በሚውል ገንዘብ ይጠራቀም፤ በዚያም ገንዘብ ለሕዝብ በነጻ ይጫወቱ። አገሪቱ በጦርነት ላይ ስለነበረች ጋዜጦች ፔትሪሎን አምባገነን እያሉ አብጠለጠሉት። እ.ኤ.አ. በ1944 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ራሳቸው አድማው እንዲቆም ጠየቁት፤ እርሱ ግን አልተበገረም። ዴካ የተባለው ኩባንያ በመስከረም 1943፣ ቪክተርና ኮሎምቢያ ደግሞ በኅዳር 1944 ውሉን ፈረሙ።

አድማው ያስከፈለው ዋጋ ቀላል አልነበረም። በ1943 በፒያኒስቱ በኧርል ሃይንስ ባንድ ውስጥ ወጣቶቹ ቻርሊ ፓርከርና ዲዚ ጊሌስፒ አብረው ይጫወቱ ነበር። ቢቦፕ የተባለው አዲስ የጃዝ ስልት የተጠነሰሰው በእነዚያ ወራት ነው፤ ያ ባንድ ግን እነርሱን ይዞ አንድም ሸክላ ለገበያ አላበቃም። የሙዚቃ ታሪክ አንዱ ታላቅ ምዕራፍ ሳይጻፍ ቀረ። ዘፋኞች በአድማው ስላልታሰሩ በመሣሪያ ፈንታ በመዘምራን ታጅበው ይቀርጹ ነበር፤ በኋላም ገበያው ከባንዶች ወደ ዘፋኞች ማዘንበሉ ቀጠለ።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ1947 የወጣው የታፍት ሃርትሊ ሕግ አሠሪዎች ማኅበራት ለሚያስተዳድሩት እንዲህ ላለ ፈንድ እንዳይከፍሉ ከለከለ። ማኅበሩ በ1948 ሁለተኛ አድማ መታ። በታኅሣሥ ወር ሁለቱ ወገኖች ገንዘቡ ከማኅበሩም ከኩባንያዎቹም ነጻ በሆነ ባለአደራ እጅ እንዲውል ተስማሙ። የሙዚቃ ትርኢት የአደራ ፈንድ የተመሠረተው ያኔ ነው። ከዚያም በኋላ ቅሬታ ነበር፤ በ1950ዎቹ የሎስ አንጀለስ የስቱዲዮ ሙዚቀኞች «እኛ የቀረጽንበት ገንዘብ ለምን ለሌላው ይሄዳል?» ብለው ተነሡ፤ በ1958 እስከ መገንጠልም ደረሱ። በ1960ዎቹ ከገንዘቡ ከፊሉ ለቀረጹት እንዲከፈል ሆነ። ውሉ እየተሻሻለ ዘለቀ እንጂ አልተቀደደም።

ይህ ታሪክ እኛን ምን ያገባናል ለሚል አንባቢ፣ የእኛን መድረክ ማን ሲከፍልበት እንደኖረ ማስታወስ ይበቃል። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ትልልቆቹ ባንዶች የክቡር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ነበሩ፤ ሙዚቀኛውም የመንግሥት ደመወዝተኛ ነበር። መድረኩ የሥልጣን በመሆኑ የሥልጣን መናወጥ ሙዚቀኛውንም ይመታው ነበር፤ ከታኅሣሥ 1953ቱ ግርግር በኋላ የክቡር ዘበኛው ጥላሁን ገሠሠ ለእስር መዳረጉ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ እሸቴ የሸክላ ኅትመትን ከመንግሥት እጅ አውጥቶ የግል በር ከፈተ። ያም በር ዕድሜው አጭር ሆነ፤ ደርግ መጣ፣ ሰዓት እላፊ የሌሊቱን ሙዚቃ ዘጋው፣ አምሃም በ1975 አገሩን ለቆ ወጣ።

እንግዲህ እኛ ሁለት ከፋዮች እናውቃለን፦ ባለሥልጣንና ገበያ። ባለሥልጣን ሲከፍል ውዳሴ ይጠብቃል፤ ገበያ ሲከፍል ትርፍ ይጠብቃል። ሦስተኛው መንገድ፣ ማለትም ከሚሸጠው ሥራ ተቀንሶ፣ በነጻ ባለአደራ ተጠብቆ፣ ለሕዝብ መድረክ የሚውል ገንዘብ ገና አልተሞከረም። አዋጅ ቁጥር 410/1996 የባለ ሥራውንና የከያኒውን መብት አስከብሯል፤ ይህ ትልቅ እርምጃ ነው፤ የሕዝብ መድረክ ጉዳይ ግን ሌላ ነው።

በ2014 ዓ.ም. አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በአዲስ አበባ ተከፍቷል። አዳራሽ ሲገኝ ከያሬድ የወጣን ወጣት ጠርቶ ማጫወት ቀላል ነው። ጥያቄው ወጣቱ ጥበቡን አሳይቶ ሲወጣ ምስጋና ብቻ ይዞ ይሄዳል ወይስ ደመወዝ የሚለው ነው። አሜሪካውያን ሙዚቀኞች ለዚህ ጥያቄ መልስ ያገኙት ለምነው አይደለም፤ ተደራጅተው፣ ከስረው፣ ተደራድረው ነው። የእኛዎቹስ በምን ማኅበር፣ በምንስ ውል ይጠይቁ ይሆን?