ከሆስፒታል አዳራሽ እስከ አረጋውያን ጓዳ፤ የዶክተር ዴቪድ ሙለር የሙያ ጉዞ

በአሜሪካ ኒውዮርክ ከተማ፣ በማንሃተን ደሴት የሚገኘው የማውንት ሳይናይ ሆስፒታል የተለያየ ኑሮ ባላቸው ሁለት ሰፈሮች መካከል የቆመ የሕክምና ተቋም ነው። በስተደቡቡ በሀብታቸው የታወቁ ነዋሪዎች የሚገኙበት የላይኛው ምሥራቅ ማንሃተን፣ በስተሰሜኑ ደግሞ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ቤተሰቦች በብዛት የሚኖሩበት ምሥራቅ ሃርለም ይገኛሉ። ሁለቱን ሰፈሮች የሚያመሳስላቸው ጉዳይ ቢኖር ከመኖሪያቸው መውጣት ተስኗቸው በር ዘግተው የሚውሉ አረጋውያን በሁለቱም ዘንድ መኖራቸው ነው። ሊፍት በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ለሚኖር፣ እግሩ ለከዳው አዛውንት ሆስፒታሉ በመስኮት እየታየው እንኳ የሩቅ አገር ያህል ነው።

እ.ኤ.አ በ1995 በዚሁ ሆስፒታል በውስጥ ደዌ ሕክምና የሠለጠኑ ጥቂት ወጣት ሐኪሞች እነዚህን አረጋውያን ቤታቸው ድረስ ሄዶ የሚያክም አገልግሎት መሠረቱ። ከመሥራቾቹ መካከል አንዱ ዶክተር ዴቪድ ሙለር ሲሆኑ፣ ዶክተር ጀረሚ ቦል ደግሞ ሌላው ናቸው። የማውንት ሳይናይ የቤት ለቤት ሐኪሞች ፕሮግራም በመባል የሚታወቀው ይህ አገልግሎት ከጊዜ በኋላ በአሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ሥር ከሚገኙት መሰል አገልግሎቶች ሁሉ ትልቁ ለመሆን በቅቷል። በዓመት ከ1 ሺህ በላይ ሕሙማንንም በቤታቸው ያክማል።

ሐሳቡ አዲስ አልነበረም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ በ1930 ሐኪምና ሕመምተኛ ከሚገናኙባቸው አጋጣሚዎች 40 በመቶ ያህሉ የሚከናወኑት በሕመምተኛው ቤት ነበር። በ1950 አኃዙ ወደ 10 በመቶ ወረደ፤ በ1980 ደግሞ ከ1 በመቶ በታች ሆነ። የራጅና የላቦራቶሪ መሣሪያዎች በሆስፒታል መሰባሰባቸው፣ አንድ ሐኪም ከቤት ወደ ቤት ሲዘዋወር በሚያጠፋው ጊዜ በክሊኒኩ ብዙ ሰዎችን ማየት መቻሉ፣ እንዲሁም የክፍያው ሥርዓት ለጉዞ ዋጋ አለመስጠቱ ለለውጡ በምክንያትነት ይጠቀሳሉ። ሐኪሙ ቦርሳውን ይዞ መምጣቱን ሲያቆም ግን መንቀሳቀስ የማይችለው ሕመምተኛ የትም አልሄደም። ሕመሙ እስኪጠና ይጠብቃል፤ ሲጠናም አምቡላንስ ተጠርቶ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይወሰዳል፤ ጥቂት ቀናት ተኝቶ ይመለስና ጥበቃውን ዳግመኛ ይጀምራል።

የቀድሞውን ልማድ ጨርሰው ያልተዉ ተቋማትም ነበሩ። በቦስተን እ.ኤ.አ ከ1875 ጀምሮ የሕክምና ተማሪዎች በየቤቱ እየዞሩ የሚማሩበት አገልግሎት ሲሰጥ ቆይቷል። በኒውዮርክ የሚገኘው የሞንቴፊዮሬ ሆስፒታልም በ1947 ሕሙማንን በቤታቸው የሚከታተል ክፍል አቋቁሟል። ማውንት ሳይናይ በበኩሉ በ1982 በአሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቤቶች የመጀመሪያ የሆነውን ራሱን የቻለ የአረጋውያን ሕክምና ዲፓርትመንት ከፍቶ ነበር። ዲፓርትመንቱን የመሠረቱት ዶክተር ሮበርት በትለር በ1969 ለዕድሜ አድልዎ በእንግሊዝኛ ስያሜ የሰጡ፣ ስለ አሜሪካ አረጋውያን ኑሮ በጻፉት መጽሐፍም በ1976 የፑሊትዘር ሽልማትን ያገኙ ምሁር ናቸው። ዶክተር ሙለርና ባልደረቦቻቸው ሥራቸውን የጀመሩት እንግዲህ የአረጋውያን ጉዳይ ሰሚ ባገኘበት ቤት ነው።

በቤት ውስጥ የሚሰጥ ሕክምና ከክሊኒኩ የሚለየው በቦታው ብቻ አይደለም። በክሊኒክ ሐኪሙ መድኃኒቱን በትክክል ይወስዱ እንደሆነ አዛውንቱን ይጠይቃል፤ አዛውንቱም አዎን ይላሉ። በቤታቸው ግን ጊዜው ያለፈበት፣ ሁለት ጊዜ የታዘዘ፣ ሳይከፈት የተቀመጠ መድኃኒት በመደርደሪያው ላይ ይታያል። ማቀዝቀዣው ባዶ መሆኑ፣ ለመውደቅ ምክንያት የሚሆነው ምንጣፍ መታጠፉ፣ የመታጠቢያ ክፍሉ መደገፊያ የሌለው መሆኑ በካርድ ላይ አይጻፍም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሐኪሙ አስታማሚዋን ያገኛታል። ይህች ሴት ብዙውን ጊዜ ሚስት ወይም ልጅ ስትሆን ሌሊቱን ሳትተኛ የምታድር፣ የራሷን ሕመም ለማንም የማትነግር ናት። የማውንት ሳይናይ ተመራማሪዎች ባካሄዱት ጥናት አገልግሎቱ ሸክም ካቀለለላቸው ወገኖች መካከል አስታማሚዎች እንደሚገኙ ተረጋግጧል።

በዚህም ምክንያት ሥራው የሐኪም ብቻ አልሆነም። ነርሶችና የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያዎች የቡድኑ አባላት ናቸው። የምግብ አቅርቦትን፣ የቤት ኪራይን፣ የረዳት ሠራተኛን ጉዳይ የሚከታተል ሰው ከሌለ የታዘዘው መድኃኒት ብቻውን ሕመምተኛውን እንደማያቆመው በሥራው ላይ ያሉ ሁሉ ያውቁታል። ሕይወታቸው ወደ ፍጻሜው የተቃረበ ሕሙማንም በሆስፒታል ክፍል ሳይሆን በገዛ አልጋቸው፣ ሥቃያቸው ታግሶላቸው እንዲያርፉ የሚደረገው በዚሁ አሠራር ነው።

የወጪው ነገር ግን ፕሮግራሙን ሲፈትነው ኖሯል። ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ አሜሪካውያንን የሚሸፍነው ሜዲኬር የተባለው የመንግሥት የጤና መድን ለቤት ጉብኝት የሚከፍለውን ገንዘብ በ1998 ከፍ ቢያደርግም፣ በቀን ከጥቂት ሕሙማን በላይ ማየት ለማይችል ሐኪም ክፍያው በቂ አልሆነም። በ2008 ይፋ የተደረገ የማውንት ሳይናይ ጥናት እንዳመለከተው ፕሮግራሙ ከጉብኝት የሚሰበስበው ገቢ ቀጥተኛ ወጪውን አይሸፍንም፤ ይሁንና ሕሙማኑ በሌሎች የሆስፒታሉ ክፍሎች ከሚያገኙት አገልግሎት የሚገኘው ገቢ ሲታሰብ ለተቋሙ ጥቅም እንጂ ኪሣራ አላስከተለም። በአንድ መዝገብ ኪሣራ የሆነው በሌላው መዝገብ ትርፍ ሆኖ መገኘቱ በበጀት ሥራ ላይ ለተሰማሩ ሁሉ እንግዳ ነገር አይሆንም።

የአሜሪካ መንግሥትም ጉዳዩን በአገር አቀፍ ደረጃ ፈትሾታል። በ2010 በወጣው የጤና ሕግ መሠረት በ2012 የተጀመረው የሙከራ መርሐ ግብር በተለያዩ ግዛቶች የሚገኙ የቤት ለቤት ሕክምና ቡድኖችን ያሳተፈ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ከ25 ሚሊዮን ዶላር በላይ፣ ማለትም በአንድ ተጠቃሚ በአማካይ 3 ሺህ 70 ዶላር መዳኑን የሜዲኬር አስተዳደር በ2015 አስታውቋል። ሙከራው በ2023 መጨረሻ ተጠናቋል። የችግሩ ስፋት ግን ከሙከራው እጅግ የላቀ ነው። በማውንት ሳይናይ ተመራማሪዎች መሪነት ተካሂዶ በ2015 የታተመ ጥናት፣ በ2011 በአሜሪካ 2 ሚሊዮን ያህል አረጋውያን ጨርሶ ወይም አብዛኛውን ጊዜ ከቤት እንደማይወጡ አሳይቷል። ጨርሶ ከማይወጡት መካከል መደበኛ ሕክምና በቤታቸው የሚያገኙት 12 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ።

ዶክተር ሙለር በ2005 የማውንት ሳይናይ የሕክምና ትምህርት ቤት የሕክምና ትምህርት ዲን ሆነው ተሾሙ። ትምህርት ቤቱ ከ2012 ወዲህ አይካን የሕክምና ትምህርት ቤት ይባላል። በዲንነት ከ15 ዓመታት በላይ አገልግለዋል። የቤት ለቤት ፕሮግራሙም ከጅምሩ ማስተማሪያ ነበር፤ ተማሪዎችና በሥልጠና ላይ ያሉ ሐኪሞች ከመምህራኖቻቸው ጋር ደረጃ እየወጡ የሕሙማንን በር ያንኳኳሉ። በሆስፒታል ውስጥ ሕመምተኛው እንግዳ፣ ሐኪሙ ባለቤት ነው። በቤት ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ወጣቱ ሐኪም ይቀመጡ ሳይባል አይቀመጥም።

በዲንነት ዘመናቸው ከያዟቸው ጉዳዮች ዋነኛው ሐኪም የሚሆን ሰው በምን ይመረጥ የሚለው ጥያቄ ነው። ትምህርት ቤቱ ከ1987 ጀምሮ በዶክተር ናታን ኬዝ አነሳሽነት በሥነ ጽሑፍ፣ በታሪክና በመሰል መስኮች የሚማሩ የኮሌጅ ተማሪዎችን ያለ መግቢያ ፈተና፣ የኦርጋኒክ ኬሚስትሪና የፊዚክስ ትምህርቶችንም ሳይጠይቅ ይቀበል ነበር። ዶክተር ሙለርና ዶክተር ኬዝ በ2010 ባሳተሙት ጥናት ከ2004 እስከ 2009 ለምረቃ የደረሱ 85 የዚህ ፕሮግራም ተማሪዎችን ከ606 ሌሎች ተማሪዎች ጋር አነጻጽረዋል። የፕሮግራሙ ተማሪዎች በብሔራዊው የፈቃድ ፈተና የመጀመሪያ ክፍል በመጠኑ ዝቅ ያለ ውጤት ቢያስመዘግቡም፣ በሕሙማን አጠገብ በሚሰጠው ትምህርት ከጓደኞቻቸው አላነሱም። ትምህርት አቋርጦ በመቆየት ረገድ ቁጥራቸው ከፍ ማለቱን አጥኚዎቹ ሳይደብቁ ገልጸዋል። በ2013 ፕሮግራሙ ሰፍቶ በማናቸውም የትምህርት መስክ የሚገኙ ተማሪዎችን እንዲቀበልና ከአዲስ ገቢዎች እስከ ግማሽ የሚሆኑት በዚህ መንገድ እንዲገቡ ተወሰነ።

በነሐሴ ወር 2016 ግን ዲኑን በጽኑ የፈተነ ሐዘን ደረሰ። የመጨረሻ ዓመት ተማሪ የሆነች ወጣት የራሷን ሕይወት አጠፋች። ዶክተር ሙለር በ2017 በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ ሐዘኑን ከመግለጽ አልፈው የሙያውን የአስተዳደግ ባህል መርምረዋል። ተማሪዎች ከልጅነታቸው ጀምሮ በውጤትና በፉክክር ሩጫ ውስጥ እንደሚያልፉ፣ የሕክምና ትምህርት ቤቶችም በፈተና ነጥብ ላይ ባላቸው አተኩሮት ይህንኑ ሩጫ እንደሚያባብሱ አመልክተዋል። በኃላፊነት ላይ ያለ ሰው የራሱን ተቋም ከተጠያቂነት ሳያወጣ በአደባባይ መጻፉ የተለመደ አይደለም። ጽሑፉ በአሜሪካ የሕክምና መምህራን ዘንድ በሰፊው የተነበበውም በዚህ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም።

ዶክተር ሙለር ከዲንነቱ በኋላ በዚያው ተቋም በጤና ትምህርት ውስጥ እኩልነትና ፍትሕ እንዲሰፍን የሚሠራ ኢንስቲትዩት መርተዋል። ትምህርት ቤቱ ደግሞ በጥር ወር 2023 ከሌሎች ታዋቂ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ጋር በመሆን በፈተና ነጥብና በመሰል መለኪያዎች ላይ ለተመሠረተው ዓመታዊ የትምህርት ቤቶች ደረጃ ማውጫ መረጃ መስጠት ማቆሙን ይፋ አድርጓል።