ከሰመራ እስከ አሰብ ስንት ሰዓት ነው?

ባለፈው እረፍት ዱብቲ ቤተሰቦቼ ዘንድ ሳለሁ አጎቴ፣ «አንተ ታሪክ ተማሪ ነህና እስቲ ንገረኝ፤ ከዚህ አሰብ በአይሮፕላን ስንት ሰዓት ነው?» አለኝ። በወጣትነቱ በዚያ መስመር ካሚዮን የነዳ ሰው ነው። አላውቅም ማለቱ አሳፈረኝና ካርታና ማስመሪያ ይዤ ተቀመጥኩ።

ከዱብቲ አጠገብ ካለው የሰመራ አይሮፕላን ማረፊያ እስከ አሰብ በቀጥታ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እስከ ጅቡቲም ቢሆን 240 ቢሞላ ነው። አይሮፕላን ቢኖር ለሁለቱም አንድ ሰዓት አይፈጅም። ቢኖር ነው እንግዲህ! ጅቡቲ በአየር ልሂድ ያለ የዱብቲ ሰው መጀመሪያ ጀርባውን ለባሕሩ ሰጥቶ 390 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ አዲስ አበባ ይበራል፤ ከዚያ ሌላ 550 ኪሎ ሜትር ተመልሶ ይመጣል። አራት እጥፍ መሆኑ ነው። ስለዚህ በጋላፊ በኩል በመኪና መሄዱን ይመርጣል። (የሰመራው ማረፊያ በስማቸው የተጠራላቸው ሱልጣን አሊሚራህ ሐንፈሬም በ1967 ዓ.ም. ከደርግ ሸሽተው የተሻገሩት ወደዚያው ወደ ጅቡቲ ነበር።)

የአሰቡ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። እሱን ለመረዳት ወደ አሥመራ በረራ ዞር ማለት ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ ሲያደርግ ያለፈው በአሥመራ ነበር። አሥመራ የካይሮ መንገድ ነበረች ማለት ነው። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሳ በረራው ተቋረጠ። ከዚያ ወዲያ ለ20 ዓመት ያህል፣ ከአዲስ አበባ 700 ኪሎ ሜትር ብቻ የምትርቀው አሥመራ ለመድረስ የፈለገ መንገደኛ በሦስተኛ አገር መዞር ግድ ሆነበት። በካይሮ የዞረ ከ4,000 ኪሎ ሜትር በላይ በረረ። ካይሮ በተራዋ የአሥመራ መንገድ ሆነች እኮ!

ሐምሌ 11 ቀን 2010 ዓ.ም. በረራው ሲቀጥል አይሮፕላኑ ውስጥ የነበረው ልቅሶና ጭፈራ ይታወሳል። ልጆቹን ሊፈልግ የተሳፈረ አባት ነበር። የኛው የቡሬ መንገድም መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ተከፈተ። አጎቴ ያን ቀን አዲስ ሽርጥ ገዛ። ምን ያደርጋል፣ ዓመቱ ሳያልቅ ኬላው ተመልሶ ተዘጋ። የአሥመራውንም በረራ አየር መንገዱ ነሐሴ 28 ቀን 2016 ዓ.ም. እንደገና አቋረጠው።

በበኩሌ የታሪክ መጻሕፍታችን ወሰን ሲያሰምሩ ሰዓቱንም ቢጽፉልን እላለሁ። ቡሬ ወዲህም ወዲያም ያለው አፋር ነው፤ አንዱ ሲታመም ሌላው የሚሰማው ስንት ቀን ቆይቶ እንደሆነ ማስመሪያ አይለካውም።

ለአጎቴ፣ «አንድ ሰዓት አይሞላም» አልኩት።

«እኔ ጠዋት ከዚህ ተነስቼ ማታ እህቴ ቤት እራት እበላ ነበር» አለና ጥቂት ቆይቶ፣ «ትኬቱን የት ነው የሚቆርጡት?» ብሎ ጠየቀኝ።