የእንዝርት ኬላ

የማሽላ ሊጥ ተቦክቶ ጥግ ሲይዝ እርሾው ውስጥ ያሉት ፈንገሶችና ባክቴሪያዎች ሥራ ይጀምራሉ። በምዕራብ ሐረርጌ፣ በደሳም ሆነ ጭሮ፣ ክዳኑን ገለጥ ያደረገ ሰው የሚያየው አረፋውን ብቻ ነው። ዳቦ ጋጋሪዎች ከሱቅ የሚገዙት ደረቅ እርሾ፣ በሳይንስ ስሙ ሳካሮማይሲስ ሰረቪዚዬ፣ ከተመቸው በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ አንዱ ሕዋስ ሁለት ይሆናል። በተከፈለ ቁጥር 16ቱን ክሮሞሶሞች አባዝቶ ለእናትና ለልጅ ሕዋስ እኩል ማዳረስ አለበት። አንድ ከጎደለ ወይም ከተረፈ ጣጣ ነው። ይህን ጣጣ የሚከላከለውን ሥርዓት በአማርኛ «የእንዝርት ኬላ» ብንለው ያስኬዳል።

እንዝርት የተባለው ክሮሞሶሞችን ወደ ሁለት ጫፍ የሚስበው የፕሮቲን ክሮች ስብስብ ነው፤ መሐሉ ወፈር፣ ጫፎቹ ሾጠጥ ይላሉ። «የፍተሻ ነጥብ» የሚሉም አሉ። እኔ ግን ኬላን እመርጣለሁ፤ ዋናው ቁም ነገር ፍተሻው ሳይሆን ማቆሙ ነውና። ጫት ጭኖ ሲበር የመጣ አይሱዙ ኬላ ላይ ሲቆም ምን እንደሚመስል ለምዕራብ ሐረርጌ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ልዩነቱ፣ እዚህ አንዱ ወረቀቱ ስላልተሟላ ሌላው አያልፍም፤ 15ቱ ተሟልተው አንዱ ከቀረ ሁሉም ይጠብቃሉ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የተባዙት መንትያ ክሮሞሶሞች ኮሄሲን በሚባል የፕሮቲን ቀለበት ተጣብቀው ይቆያሉ። ቀለበቱን የሚቆርጠው ሴፓሬዝ አጠገባቸው አለ፤ ነገር ግን ሴኩሪን የተባለ ሌላ ፕሮቲን እጁን ይዞታል። የእንዝርት ክር ያልደረሰው አንድ ክሮሞሶም እንኳ ካለ፣ እሱ የሚያሰማው ምልክት ሴኩሪን እንዳይፈርስ ያደርጋል። የመጨረሻው ክሮሞሶም በክር ሲያዝ ምልክቱ ይጠፋል፣ ሴኩሪን ይፈርሳል፣ ሴፓሬዝ ቀለበቱን ይበጥሳል። ከዚያ በኋላ መመለስ የለም፤ መንትዮቹ በየአቅጣጫቸው ይሳባሉ።

የኬላውን ሠራተኞች ያጋለጠው ቀላል ብልሃት ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ሮንግ ሊ እና አንድሩ መሪ፣ ለብቻቸውም አንድሩ ሆይትና ባልደረቦቹ፣ እርሾን ቤኖሚል አቀመሱት። ቤኖሚል ለሰብል ፈንገስ ማጥፊያነት የተሠራ ኬሚካል ሲሆን የእንዝርቱን ክሮች ያፈርሳል። ጤነኛው እርሾ ቆሞ ጠበቀ። ጉድለት ያለባቸው ጥቂት እርሾዎች ግን ክር ሳይኖር መከፈሉን ቀጥለው አለቁ። የጎደሏቸው ጂኖች «ማድ» እና «ባብ» ተባሉ፤ ዘመዶቻቸው በሰው ሕዋስ ውስጥም ተገኝተዋል።

የካንሰር መድኃኒቱ ፓክሊታክሴል የሚሠራበት አንዱ መንገድም ይኸው ነው፤ ክሮቹን ግትር አድርጎ ኬላው እንዳይከፈት ያደርጋል። ረጅም ጊዜ የታገደ ሕዋስ ብዙውን ጊዜ ይሞታል። አንዳንዱ ግን ክሮሞሶሞቹን ሳያካፍል ኬላውን ጥሶ ይወጣል፤ ለመድኃኒት አልበገር ባሉ እጢዎች ላይ ተመራማሪዎች ከሚከታተሏቸው ጉዳዮች አንዱ ይህ ነው።