እንገር

እናት በወለደች በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከጡቷ የሚወጣው ወፍራም፣ ቢጫማ ወተት እንገር ይባላል፤ የላሟም ስሙ ያው ነው። በሰሜን ወሎ ለጨቅላ ቅቤ ማቅመስ፣ እንገሩንም አልቦ መድፋት የቆየ ልማድ ነው። ጥጃ የሚጠባውን ለልጅ መንፈግ፣ ወይ ጉድ!

በተለይ ያለ ጊዜው፣ ከ37 የእርግዝና ሳምንት በፊት ለተወለደ ሕፃን እንገር ምግብም በሽታ መከላከያም ነው። ከ34 ሳምንት በፊት የመጣው ግን አብዛኛውን ጊዜ መጥባትን፣ መዋጥንና መተንፈስን ገና አያቀናጅም። ስለዚህ ሆስፒታል ውስጥ የታለበው እንገር በአፍንጫው ወይም በአፉ በገባ ቀጭን ቱቦ፣ በጥቂት በጥቂቱ ይሰጠዋል፤ ሲበረታ በስኒ፣ ኋላም ከጡት። እናቱም ገላ ለገላ ደረቷ ላይ ታቅፈዋለች።

የሰሜን ወሎዋ ሐራ አማቶችና አራስ ጠያቂዎች፣ ወልድያ ሆስፒታል ስትሄዱ ቅቤውን ለአራሷ ገንፎ አድርጉት፤ ለጨቅላው እንገሩን ተዉለት።