ከጦር ግንባር ወደ ልደታ ሜዳ

ከአራዳ ጊዮርጊስ ከፍታ ወደ ደቡብ ምዕራብ ቁልቁል ሲወረድ «ኦልድ ኤርፖርት» የሚባለው ሰፈር ይገኛል። ስሙ የሚያስታውሰው የቀድሞውን የልደታ አውሮፕላን ማረፊያ ነው።

በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን የያዘው የፋሺስት ጦር አራዳን ፒያሳ አሰኝቶ፣ ገበያዋንም ወደ ምዕራብ አዛውሮ፣ በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ወጣ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአሜሪካው የቲ.ደብልዩ.ኤ. ኩባንያ ጋር በተደረገው ስምምነት መሠረት በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ሲቋቋም፣ የገዛቸው አምስት አውሮፕላኖች ከጦርነት የተረፉ ሲ-47 ነበሩ። እነዚህም በተለምዶ ዳኮታ የሚባሉት፣ የዲ.ሲ.-3 ወታደራዊ ወንድሞች ናቸው። የመጀመሪያው በረራ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ተደረገ።

ወታደር ያመላልስ የነበረው አካል ወዲያውኑ የሲቪል መልክ አልያዘም። መንገደኞቹ ግራና ቀኝ ግድግዳውን ተደግፈው በተዘረጉት አግዳሚ ወንበሮች ላይ ፊት ለፊት ተያይተው ሲቀመጡ፣ ጭነቱ በመካከላቸው ይታሰር ነበር። ምቾት ፈላጊ ይህን ባይወደውም፣ ለጦር ዕቃ ተብሎ የተጠናከረው ወለልና በስተኋላ ያለው ሰፊ በር ለቡናና ለቆዳ ጭነት ተስማሚ ሆነው ተገኙ። በክረምት መንገዱ በጭቃ ለሚቋረጥበት አገር ደግሞ በሣር ሜዳ ላይ ለማረፍ የሚችለው ጠንካራ እግሩ ከሁሉ የበለጠ ጠቀሜታ ነበረው። ሁለቱ ሞተሮች በነፋስ የሚቀዘቅዙ በመሆናቸው ውኃና ራዲያተር አያሻቸውም።

ዋናው ፈተና ከፍታው ነበር። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ስለምትገኝ፣ የአየሩ እፍጋት በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ክንፉ ያንኑ ክብደት ለማንሣት የበለጠ ፍጥነት፣ ለፍጥነቱም የበለጠ ረጅም ሜዳ ያስፈልገዋል። ስለዚህ አብራሪው ከመነሣቱ በፊት የጭነቱን ልክ ከሜዳው ርዝመት ጋር ማመዛዘን ግዴታው ነበር፤ ስሌቱ ቢሳሳት የሚከፈለው ዋጋ የሰው ሕይወት ነው።

መጀመሪያ ላይ መሪውን የሚጨብጡት የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1957 ግን ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ በዲ.ሲ.-3 ዋና አብራሪ ለመሆን የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኑ።

የጄት ዘመን ሲመጣ የልደታ ሜዳ አጭር ሆኖ ተገኘና በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ አገልግሎቱ ወደ ቦሌ ተዛወረ። አሮጌዎቹ ዳኮታዎች ግን ጄት ሊያርፍባቸው ወደማይችሉት የገጠር ሜዳዎች ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት በረሩ።