ጎታች ተሽከርካሪ

ጎታች ተሽከርካሪ የራሱ ሞተር የሌለውን ባለ ጎማ ተሳቢ ከኋላው አያይዞ የሚስብ መኪና ነው። ተሳቢው የእህል ወይም የነዳጅ መጫኛ፣ የእርሻ ጋሪ ወይም የጀልባ ማመላለሻ ሊሆን ይችላል። ተስማሚው ጎታች በፈረስ ጉልበቱ ብቻ አይመረጥም። በተራራማ አገር ጭነቱን ዳገት ከማውጣት ይልቅ ቁልቁለት ላይ ይዞ መቆየት ይከብዳል። ይህ ጎልቶ ከሚታይባቸው የኢትዮጵያ መንገዶች አንዱ በሰሜን ሸዋ በጣርማ በር የሚያልፈው ነው።

የጣርማ በር መንገድ

ጣርማ በር ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ፣ በደብረ ብርሃንና በደብረ ሲና መካከል፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለ የተራራ መተላለፊያ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) የተቆፈረውና ርዝመቱ ከግማሽ ኪሎ ሜትር የሚበልጠው ዋሻ ተራራውን ሰንጥቆ ያልፋል። ከደብረ ብርሃን በኩል ለሚመጣ መኪና ከፍታው ብዙም አይታወቅም፤ ከተማዋ ራሷ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናትና። ከዋሻው ማዶ ግን መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ደብረ ሲና፣ ከዚያም 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ሸዋ ሮቢት ይወርዳል። ከ50 ኪሎ ሜትር ባልበለጠ መንገድ 1,700 ሜትር ያህል ቁልቁለት አለ። ብዙ ጊዜ ጉም ስለሚወርድበት ከፊት ያለው ጠመዝማዛ የማይታይባቸው ሰዓቶች ብዙ ናቸው።

የአዋሽ–ሚሌ መንገድ ከመከፈቱ በፊት በአዲስ አበባና በአሰብ ወደብ መካከል ይመላለሱ የነበሩ የጭነት መኪኖች ዋና መንገድ ይኸው ነበር። ሾፌሮች «ኤንትሬ» የሚሉት ፊያት 682 ኤን 3 ከነተሳቢው ለረጅም ዘመን ተመላልሶበታል። ዛሬም ወደ ወሎና ወደ ትግራይ የሚሄድ ከባድ ጭነት በዚሁ ያልፋል። ከአዲስ አበባ ተነስቶ በደቡብ ወሎ ወዳለው የሐይቅ ሐይቅ ጀልባ የሚጎትት ሰውም ከዚህ ቁልቁለት አያመልጥም።

ክብደት

ምርጫው የሚጀምረው ተሳቢውን ከነጭነቱ በመመዘን ነው። የጀልባ ሻጭ የሚናገረው ክብደት አብዛኛውን ጊዜ የባዶውን ቀፎ ነው፤ ሞተሩ፣ ነዳጁ፣ ባትሪው፣ መልህቁና የተሳቢው የራሱ ክብደት ሲደመር ቁጥሩ በጣም ይለወጣል። (በጣና ላይ የሚቀዘፈው የደንገል ታንኳ ይህ ችግር የለበትም፤ ባለቤቱ ከውኃ አውጥቶ ተሸክሞት ይሄዳል።) ይህ ድምር አምራቹ ለጎታቹ ከፈቀደው የመጎተት ልክ ማለፍ የለበትም። ከዚህ ሌላ ጎታቹና ተሳቢው ከተሳፋሪና ከዕቃ ጋር አንድ ላይ የሚፈቀድላቸው ጠቅላላ ክብደት አለ። ብዙ ሰው የሚስተው ይህኛውን ነው። 3,500 ኪሎ የመጎተት ፈቃድ ያለው ፒክአፕ ጋቢናውን በሰው፣ ጭነት ቦታውን በጆንያ ከሞላ በኋላ ያንኑ 3,500 ኪሎ ላይጎትት ይችላል።

ሦስተኛው ልክ ተሳቢው በጋንቾው ላይ ወደ ታች የሚያሳርፈው ክብደት ነው። በሰሜን አሜሪካ ለአብዛኛው ተሳቢ ከጠቅላላ ክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ፣ ለጀልባ ተሳቢ ደግሞ ከዚያ አነስ ያለ መጠን ይመከራል፤ አውሮፓውያን አምራቾች የሚፈቅዱት ያንሳል። ከመጠን ሲያንስ ተሳቢው በፍጥነት ላይ እንደ ጅራት ይወዛወዛል፤ ሲበዛ የጎታቹን የኋላ ባሌስትራ አስጎንብሶ የፊት ጎማዎቹን ያቀልላል፤ መሪውም ይላላል። በፊትና በኋላ ጎማው መካከል ሰፊ ርቀት ያለው መኪና ውዝዋዜን የበለጠ ይቋቋማል። ለዚህም አጭሩ ባለ ሁለት በር ላንድክሩዘር ከረጅሙ ጋር እኩል ሞተር ቢኖረውም እኩል ጎታች አይደለም።

ከፍታና ሞተር

አየሩ ሲሳሳ ሞተር የሚያገኘው ኦክስጅን ይቀንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በእያንዳንዱ 100 ሜትር ከፍታ ከጉልበቱ 1 በመቶ ያህል ያጣል፤ ጣርማ በር ላይ ሲደርስ ከባሕር ዳርቻ አቅሙ ሲሶ ገደማው የለም። ቱርቦ ያለው ናፍጣ ሞተር የጎደለውን አብዛኛውን ክፍል ይተካል። በርካታ አምራቾች በመመሪያ መጽሐፋቸው ለእያንዳንዱ 1,000 ሜትር ከፍታ የሚፈቀደው ጠቅላላ ክብደት 10 በመቶ እንዲቀነስ ይጽፋሉ። ስለዚህ በመጽሐፉ ላይ ያለው ቁጥር ለደብረ ብርሃን የተጻፈ ቁጥር አይደለም።

ከሸዋ ሮቢት ወደ ላይ ለሚመለስ ጎታች ጉዳቱ እጥፍ ነው፤ ሞተሩ በቆላው ሙቀት ጀምሮ ለረጅም ጊዜ በከባድ ማርሽ ይሠራል፣ በዝግታ ስለሚሄድም የሚያቀዘቅዘው ነፋስ አያገኝም። የራዲያተሩና የካምቢዮ ዘይቱ ሁኔታ ከሞተሩ ስፋት ያላነሰ ነገር የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

ቁልቁለትና ፍሬን

ከጣርማ በር እስከ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ 3,000 ኪሎ ክብደት ያለው ጎታችና ተሳቢ ከከፍታው የሚያገኘው ኃይል 150 ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት ይበቃል። ለ40 ቶን የጭነት መኪና ከነተሳቢው 2,000 ሊትር ገደማ ይሆናል። ይህ ሁሉ በነፋስና በጎማ ሰበቃ ካልጠፋ ወይም በሞተር ካልተያዘ፣ ሙቀት ሆኖ የሚገባው ፍሬን ውስጥ ነው። የጋለ ፍሬን መያዝ ይቀንሳል፤ የፍሬን ዘይቱ ከፈላ ደግሞ ፔዳሉ እስከ ታች ይሰምጣል።

ለቁልቁለት የሚመረጥ ጎታች የሞተር ፍሬን ያለው ወይም ቢያንስ በዝቅተኛ ማርሽ ራሱን የሚይዝ መሆን አለበት። መነሻው ማርሽ ያንኑ ዳገት ለመውጣት የሚያስፈልገው ነው፤ ጭነቱ ከባድ ከሆነ ከዚያም አንድ ይቀነሳል። ማርሹ የሚገባውም ቁልቁለቱ ሳይጀመር፣ ከዋሻው ሳይወጣ ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ በፎሌ መውረድ ሞተሩን ከሥራ አውጥቶ ሸክሙን በሙሉ ለፍሬን ይተዋል፤ ፍጥነቱ ከጨመረ በኋላ ማርሽ መልሶ ማስገባትም ላይቻል ይችላል።

ተሳቢውም የራሱ ፍሬን ያስፈልገዋል። በአውሮፓ ፍሬን የሌለው ተሳቢ ከ750 ኪሎ እንዳይበልጥ ሕግ ይከለክላል። የትንንሽ ጀልባ ተሳቢዎች ፍሬን አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ተሳቢው ጎታቹን ሲገፋ ነው። ይህ ሥርዓት ለሜዳ ይበቃል፤ በረጅም ቁልቁለት ግን ተሳቢው ያለማቋረጥ ስለሚገፋ ፍሬኑም ያለማቋረጥ ታስሮ ይግላል። ደብረ ሲና ላይ ቆሞ ቸርኬውን ማቀዝቀዝ ለእንዲህ ያለው ተሳቢ የግድ ነው። ሲቆምም ጎማው ሥር ታኮ ወይም ድንጋይ ይደረጋል። በከባድ መኪኖች የሚሠራበት የአየር ፍሬን የሚለየው ቱቦው ቢበጠስ ተሳቢውን ራሱ ስለሚያስቆም ነው።

ውኃ ዳር

ጀልባን ወደ ውኃ ማውረድና ማውጣት የተለየ ጠባይ ይፈልጋል። ጭቃማ የሐይቅ ዳርቻ ላይ በአራቱም ጎማዎቹ የሚነዳና ከባድ ማርሽ ያለው መኪና ከኃይለኛ የከተማ መኪና ይሻላል፤ የእርሻ ትራክተርም ከሁለቱም ሊሻል ይችላል። ከጉዞ እንደደረሱ የጋለውን የተሳቢ ኩሽኔታ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ መክተት አይመከርም፤ ውስጡ ያለው አየር በድንገት ሲኮማተር ውኃ ይስባል፣ ግራሶውም ይበላሻል።

ጀልባው ከተራ ተሳቢ ሲበልጥ ጉዳዩ ከግል መኪና ወጥቶ የከባድ ትራንስፖርት ሥራ ይሆናል። በ2017 ዓ.ም. ጣናነሽ 2 የተባለችው ጀልባ ከጅቡቲ ወደ ጣና በየብስ ስትጓጓዝ የተሠራባት ብዙ ጎማ ያለው ዝቅ ያለ ተሳቢ ነው። እንዲህ ባለው ጭነት የጎታቹ ጉልበት ከብዙ ጥያቄዎች አንዱ ብቻ ይሆናል፤ የጠመዝማዛው ስፋት፣ የድልድዩ አቅምና ከላይ የተዘረጋው የኤሌክትሪክ ሽቦ ከፍታም አብረው ይታያሉ። ዋሻ ያለበት መንገድ ደግሞ ከመነሻው የጭነቱን ቁመትና ስፋት ይወስናል።